ፊቱን ያላዞረው ቤት

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። እኔ ገና ወጣት ነኝ። ገርጂ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። ጡረታ የወጡት የቀድሞ ባልደረባዬ ጋሽ ታደለ ናቸው፤ መጻፍ የነበረባቸውም እሳቸው ነበሩ። ጋሽ ታደለ ግን ይስላሉ እንጂ አይጽፉም። ስለዚህ አብረን የሠራነውን እኔ እጽፈዋለሁ።

ለመጻፍ የተነሣሁት ሰናይት ስለ ደወለችልኝ ነው። ሰናይት ቦሌ ለሚ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የስፌት ተቆጣጣሪ ናት። አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከእናቷ ከእትዬ ሙሉነሽ ጋር ትኖራለች።

«ትዕግሥት፣ እማዬ ለመስቀል አገሬ እገባለሁ ብላ ጓዟን አስራ ተቀምጣለች» አለችኝ። «ልነግራት አፌን እከፍትና እዘጋዋለሁ። እባክሽ አንቺ ንገሪያት። ቤቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ለእትዬ ሙሉነሽ መነገር ያለበት ነገር አጭር ነው፤ ሊመለሱበት ጓዛቸውን ያሰሩለት ቤት ወድቋል።

ቅዳሜ እመጣለሁ አልኳት። እስከ ቅዳሜ ግን እንዴት እንደምነግራቸው ሳወጣና ሳወርድ ነገሩን ሁሉ ከሥሩ አስታወስኩት። አስተማሪ ነኝና በቅደም ተከተል ልሂድ።

በታሪክ ትምህርት ተመርቄ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ በአሮጌው የባቡር ሐዲድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። መደቤ የቅርስ መዝጋቢ ይባል ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የሚባል የለም። ሥራዬ ጣቢያ ሰፈር የሚባለውን የከተማዋን አሮጌ መሃል ቤት በቤት እየለኩ መመዝገብ ነበር።

ዛሬ ስለዚያ ሰፈር ሳስተምር የምጀምረው «ባቡር ውሃ ይጠጣ ነበር» ብዬ ነው። ተማሪዎቼ ይስቃሉ። አንዱማ «ቲቸር፣ በጆግ ነው?» ብሎኛል። ነገሩ ግን እውነት ነው። የጥንቱ ባቡር የሚሄደው በእንፋሎት ስለነበረ በየተወሰነው ርቀት ቆሞ ውሃ መሙላት ነበረበት። ውሃ ባለበት ቦታ ከፍ ያለ የብረት ታንከር ተተከለ። ባቡሩ ውሃ እስኪሞላ ተሳፋሪው ይራባል፤ ስለዚህ ምግብ ቤት ተከፈተ። የበላ ሰው ማደሪያ ይፈልጋል፤ አልጋ ቤት ተከፈተ። ያደረ ሰው ደግሞ ይገዛል፣ ይሸጣል፤ ከጣቢያው በር ተነሥቶ አንድ ቀጥ ያለ መንገድ ወጣ፤ በግራና በቀኙም ሱቆች ተሰለፉ። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመናዊውም፣ ሐረሪውም፣ ጉራጌውም በዚያ መንገድ ላይ በረንዳውን አወጣ። ገበያው የሚመጣው ከሐዲዱ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር የሰፈሩ ቤቶች ፊታቸውን ወደ ሐዲዱ አዞሩ።

ከዚያ ውሃ የማይጠጣ ባቡር መጣ። ቀጥሎ ከሰፈሩ ጀርባ አስፋልት ተዘረጋ። በመጨረሻ አሮጌው ባቡር ጨርሶ ቀረ፤ አዲሱ ሐዲድ ሲሠራም ከተማዋን ከሩቅ ተሳልሟት አለፈ። ያኔ ሰዎቹ ቤታቸውን አዞሩ። ቤት እንዴት ይዞራል ያለኝ ተማሪ ነበር። እንዲህ ነው፤ በጀርባ በኩል ያለውን መስኮት እስከ መሬት ያፈርሱትና በር ያደርጉታል፤ ሱቁን ወደ አስፋልቱ ይከፍቱታል፤ የድሮውን በር በሚስማር ይመቱታል፤ በረንዳው ላይ ፍየል ያስራሉ። እኔ ስደርስ በዚያ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ያማሩ በረንዳዎች በግራም በቀኝም ቆመዋል፤ የሚቀመጥባቸው የለም። ከሰዓት በኋላ ስሄድ የራሴን ኮቴ ከፊት ለፊት ግድግዳ ሲመለስ እሰማው ነበር።

ፊቱን ያላዞረ ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ የእትዬ ሙሉነሽ ቤት።

አሁን ስለ ጋሽ ታደለ። ከእኔ በፊት በውሃ ሥራ፣ በመንገድ፣ በከተማ ፕላን ሲዘዋወሩ የኖሩ ንድፍ አውጪ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የትም ቢመድቧቸው አይቃወሙም ነበር ይባላል። በእኛ ጽሕፈት ቤት ቤት የመለካት ሥራ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እኔም የተማርኩት ከሥራቸው ሆኜ እያየሁ ነው።

በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ ግቡ ሳይባሉ ደፍ አያልፉም። በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምን እንደምንጠብቅ ስጠይቃቸው «ቤቱ መጀመሪያ እኛን ይየን» አሉኝ። ከገቡ በኋላ ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ። ጭቃው ከእንጨቱ የለቀቀ ግድግዳ እንደ ባዶ ሣጥን ይጮኻል፤ ያልለቀቀው ድምፁን ይውጠዋል። ቀጥሎ ከኪሳቸው ወስፌ ያወጣሉ። ባለቤታቸው ሰፌድ ይሰፉበት የነበረ ወስፌ ነው። ምሰሶውን ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለው ይወጉታል። ወስፌው ካልገባ እንጨቱ ደኅና ነው፤ ሰተት ብሎ ከገባ ምስጥ ውስጡን ጨርሶታል።

ከዚያ ሜትሩን እንዘረጋለን። የዜሮውን ጫፍ የምይዘው እኔ ነበርኩ። አራቱን ግድግዳ ከለካን በኋላ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ እንለካለን፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልመጡ ክፍሉ ጠማማ ነው። ጣቢያ ሰፈር ውስጥ ጠማማ ያልሆነ ክፍል አላገኘንም። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሚሳለው ግን ግድግዳው አይደለም፤ ምድጃው ነው።

«እሳቱ የት እንደሚነድ እወቂ» ይሉኝ ነበር። «ሰው የሚኖረው በእሳቱ ዙሪያ ነው። ግድግዳ የተጨመረው ኋላ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩ የምሰማቸው አልፎ አልፎ ነበር። ሜትሩን ከዚህና ከዚያ ይዘን ቀኑን ሙሉ ውለን ማታ ስንለያይ፣ ከቁጥር በቀር ምንም ያልተነጋገርንባቸው ቀኖች ብዙ ነበሩ።

እትዬ ሙሉነሽ በር ላይ የደረስን ዕለትም ጋሽ ታደለ እንደ ልማዳቸው በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። እትዬ ሙሉነሽ ብቅ አሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ መቀነታቸውን ጠበቅ ያደረጉ ሴት ናቸው።

«ማነህ አንተ፣ ደጄን እንደ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው?»

«ከባህል ጽሕፈት ቤት ነን፣ እትዬ። ቤትዎን ልንለካ ነው።»

«ምነው፣ ከፈን ልትቆርጡለት ነው?»

ጋሽ ታደለ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እትዬ ሙሉነሽ ግን አልሳቁም። «ግቡ በሉ» አሉ፤ «ጫማችሁን ጠርጉ። ቤቴ ከጽሕፈት ቤታችሁ ይጸዳል።»

ቤቱ ከእናታቸው ጀምሮ የባቡር ሠራተኞች ምግብ ቤት ነበር። በእሳቸው ዘመን ባቡሩ ብዙ ስለማይቆም ሠራተኛው ተቀምጦ ምግብ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ባቡሩ ከከተማው ውጭ ያለው ድልድይ ላይ ሲደርስ ሲጮኽ፣ እትዬ ሙሉነሽ ጭልፋቸውን ያነሣሉ። ሠራተኛው በረንዳውን ሲረግጥ ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ እየጨሰ ይጠብቀዋል። የሞቱት ባለቤታቸውም መጀመሪያ የመጡት በዚያ ጩኸት ነው። ባቡሩ ከቀረ በኋላ እሳቱን አላጠፉም፤ ሰፈሩ ውስጥ የቀሩት ጥቂት የባቡር ጡረተኞች ምሳቸውን እዚያው ይበሉ ነበር። በየዓመቱ ግን አንዱ ወንበር ባዶ ይሆናል።

«እርስዎስ ለምን ቤቱን ወደ አስፋልቱ አላዞሩትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አስፋልት ላይ ያለ ሰው ያልፋል እንጂ አይቆምም፣ የኔ ልጅ። ለሚያልፍ ሰው ምን ብዬ ፊቴን አዞራለሁ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳችንን እሳቸው ዘንድ እንበላ ነበር። በዚያች ከተማ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ስሜን እየጠራ «ዘገየሽ» የሚለኝ ሰው ያገኘሁት በዚያ ቤት ብቻ ነው።

ከዚያ አንዱ ክረምት ከረር አለ። የበረንዳው የማዕዘን ምሰሶ ሰመጠ፤ ከምድጃው አጠገብ ያለው ግድግዳም ጣት በሚያስገባ ስፋት ተሰነጠቀ። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ግርማ መጥተው አዩት። አቶ ግርማ ቶሎ የሚደነግጡ እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ሌሊት ግድግዳው እትዬ ሙሉነሽ ላይ ቢወድቅስ ብለው ፈሩ። ቤቱ በቅርስነት እንዲጠገን፣ የጥገናው በጀት እስኪመጣም እትዬ ሙሉነሽ ለቀው አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ እንዲቆዩ ተወሰነ። ጋሽ ታደለም ተስማሙ። እኔም ልክ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ስንጥቁን አይቼዋለሁና።

የሚነግሯቸው ጋሽ ታደለ ሆኑ። «አንድ ክረምት ነው፣ እትዬ። እሳትዎን አንዴ ያጥፉት፤ ተመልሰው ያነዱታል።»

«አንተ ታደለ፣ የምትሰጠኝ ቃል የመሥሪያ ቤትህን ነው የራስህን?»

«የራሴን ነው።»

እትዬ ሙሉነሽ ውሃ ቀድተው እሳቱን በገዛ እጃቸው አጠፉት። ሰናይት ጭነት መኪና ይዛ መጣች። እነሱ ከሄዱ በኋላ በሩን ቆለፍነው፤ መግባት ክልክል መሆኑን የሚናገር ሰሌዳም ተሰቀለበት። ስለ በጀቱ ደብዳቤዎች አልጽፍም፤ አንዱን ያነበበ ሁሉንም አንብቧል። ዓመት ሞላ፤ ሌላ ክረምትም ገባ።

በየወሩ ከውጭ እናየው ነበር። በረንዳውን ኖራ ስለቀባነው ከሰፈሩ ሁሉ ያማረ ነበር። ከሁለተኛው ክረምት በኋላ ከፍተን ስንገባ ግን ውስጡ የጉድጓድ ሽታ ሸተተን።

የሆነውን ላስረዳ። ሰው ባለበት ቤት ውስጥ በየቀኑ ጭስ ይወጣል። ጭሱ ማገሩንና ወራጁን ያጠቁረዋል፤ ምስጥም በደንብ የታጠነ እንጨት አይደፍርም። ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይ ሰው አለ፤ ሳፋ ይደቅናል፤ ሲነጋ ቆርቆሮውን የሚመታ ሰው ይጠራል። ግድግዳው ላይ የምስጥ አፈር ሲወጣ በመጥረጊያ ያራግፈዋል። ይህን ሁሉ ጥገና ብሎ የሚጠራው የለም፤ መኖር ነው። እኛ ቤቱን ከሰው ስንጠብቅ ከዚህ ሁሉ ለየነው።

ጋሽ ታደለ ወስፌውን አውጥተው መሃል ምሰሶውን ወጉት። እስከ እጀታው ገባ። አላወጡትም። ወደ ምድጃው ዞሩ፤ አመዱ ላይ የጣሪያ ፍሳሽ አቁሯል።

«መጀመሪያ የምንስለው ምድጃውን ነው» አሉ። «መጀመሪያ ያጠፋነውም እሱን ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቤቱ ወደቀ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም መሰለኝ። አስፋልቱ ላይ ካሉት ባለሱቆች የሰማ የለም፤ ያገኘነው እኔና ጋሽ ታደለ ነን፣ ጠዋት ሥራ ስንገባ። ጋሽ ታደለ ከፍርስራሹ ውስጥ ወስፌያቸውን ፈልገው አወጡ፤ በመሐረባቸው ጠርገው ሰጡኝ። በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። ጽሕፈት ቤቱ ጋቢ አለበሳቸው። ወንድማቸው ያሉበት ገጠር ገቡ፤ ስልካቸውም አልፎ አልፎ ብቻ ይሠራል። እኔም ከዚያ በኋላ ሜትሩን የሚይዝልኝ ሌላ ሰው አልፈለግሁም። የአስተማሪነት ማስታወቂያ አይቼ ተወዳደርኩና ገርጂ መጣሁ።

ሰናይት የቤቱን መውደቅ ያን ጊዜውኑ ሰምታለች። «እማዬ እዚህ ቀኑን የምትገፋው ልመለስ ነው በሚል ነውና ለጊዜው አይነገራት» ብላ ነበር። አሁን ግን እናቷ ብቻቸውን አውቶቡስ ሊሳፈሩ ነው።

ቅዳሜ ከገርጂ በጎሮ በኩል አራብሳ ገባሁ። አራተኛ ፎቅ ነው። እትዬ ሙሉነሽ መስኮቱ ሥር፣ በገመድ የታሰረ ጓዛቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ልክ ስገባ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«ሲያልፍ ይውላል» አሉኝ ወደ ላይ እያመለከቱ። «ይጮኻል እንጂ አይቆምም። መጀመሪያ ሰሞን በጮኸ ቁጥር እጄ ጭልፋ ይፈልግ ነበር።»

ሰናይት ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና «አንድም ቀን እሳት አልለኮሰችም» አለች። «በሰው ቤት እሳት አላነድም ትላለች። የገዛ ቤቴን የሰው ቤት አደረገችብኝ።»

«ያንቺ ቤት ነው እንጂ የእኔ ነው? የእኔ እሳት አገሬ ነው ያለው።»

እኔ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። እትዬ ሙሉነሽ አስተዋሉኝ።

«ምነው እንደ ታደለ በር ላይ ቀረሽ? ለመሆኑ እሱ የት ነው?»

«ጡረታ ወጡ፣ እትዬ።»

«ቃሉንም አብሮ ጡረታ አወጣው?»

ከዚህ በላይ ማዘግየት አልቻልኩም። «እትዬ፣ ቤቱ ወድቋል» አልኳቸው።

ሰናይት ወደ ግድግዳው ዞረች። እትዬ ሙሉነሽ እጃቸውን ጓዛቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ሌላ አውሮፕላን መጥቶ አለፈ።

«ተቃጥሎ ነው?»

«አይደለም። ምስጥ በልቶት ነው። ዝናብም ገብቶበታል።»

«ሰው ነበረ?»

«ማንም አልነበረም። ጠዋት ነው ያገኘነው።»

«ብቻውን ሄደ በይኛ።» መቀነታቸውን ፈተው እንደገና አሰሩት። «ወደየት በኩል ወደቀ?»

«ወደ ጣቢያው። ወደ ሐዲዱ በኩል።»

«ፊቱን ሳያዞር።»

«አዎ፣ ሳያዞር።»

ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ገመዱ ሰደዱ። ቋጠሮው ጠብቋል፤ ለጥፍራቸው አልፈታ አለ። ልርዳዎት ብል ገፉኝ። ከቦርሳዬ ወስፌውን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

አገላብጠው አዩት። «የታደለ አይደለም ይሄ?»

«ነው።»

 በወስፌው ቋጠሮውን አላልተው ፈቱት። ከልብሱና ከሳህኖቹ መሃል እጀታው የጠቆረ ረጅም ጭልፋ አወጡ። ተነሥተው ወደ ወጥ ቤቱ ሄዱ።

«ሰናይት፣ ይሄ ምድጃሽ በየት በኩል ነው የሚነደው?»

ሰናይት እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «በቁልፍ ነው እማዬ። እንዲህ ይዞራል።»

«ጭሱስ?»

«ጭስ የለውም።»

«ጭስ የሌለው እሳት! በይ እሺ። ምስር ካለሽ አምጪ።»

እኔና ሰናይት ተቀምጠን ጠበቅን። ምስሩ ሲበስል አውሮፕላን መጣ፤ መስኮቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እትዬ ሙሉነሽ ጨለፉ። ድምፁ ሳይጠፋ ሳህኑ ፊቴ ቀርቦ ነበር።

«ብዪ» አሉኝ፤ «ባቡሩ እንዳያመልጥሽ።»

ስወጣ እስከ ደረጃው ሸኙኝ። ወስፌውን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። «ለታደለ ደውዪለት። አራብሳ እሳት አለ በይው።»

ገርጂ እንደ ደረስኩ ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነበር። እሑድም ደወልኩ፤ ያው ነው። ይከፈት ይሆናል፤ በየቀኑ እሞክራለሁ።

የተከራየሁት ክፍል ውስጥ የቡታጋዝ ምድጃ አለ። ከገባሁ ጀምሮ ዳቦና ሻይ እየገዛሁ ስለምኖር ነክቼው አላውቅም። ያን ቅዳሜ ምሽት ግን ሽሮ ሠራሁ። ለአንድ ሰው በዝቶ ነበር።